ኢንጌ ሌማንና የመሬት እምብርት

ገበያ ወጥታ ገንቦ የምትገዛ ባልቴት ዕቃውን በዓይኗ ብቻ አይታ አትረካም። አንሥታ በጣቷ አንጓ ኳ ኳ ታደርግና ጆሮዋን ታቀርባለች። ድምፁ ጥርት ብሎ ከወጣ ዋጋውን ትጠይቃለች፤ የተሰበረ ድምፅ ከሰጠ ግን መልሳ ታስቀምጠዋለች። በሸክላው ውስጥ የተደበቀውን ስንጥቅ አላየችውም። ሆኖም ድምፁ በሸክላው ውስጥ አልፎ ሲመጣ ያመጣላትን ወሬ ታምናለች።

የመሬትን ውስጣዊ ክፍል የሚመረምሩ ሊቃውንት ሥራም ከዚህች ባልቴት ሥራ ብዙ የራቀ አይደለም። ከመሬት ገጽ እስከ መካከሏ ያለው ርቀት 6,371 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሰው ልጅ ከቆፈራቸው ጉድጓዶች ሁሉ በጥልቀቱ የታወቀው፣ በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት በኮላ ባሕረ ገብ መሬት የተቆፈረው፣ 12 ኪሎ ሜትርን ጥቂት አልፎ ቆሟል። ይህም የዕንቁላልን ቅርፊት ጫር አድርጎ ሳይበሱ እንደ መቅረት ያለ ነው። ስለዚህ የመሬትን ሆድ ዕቃ ለማወቅ ማንኳኳትና ማዳመጥ እንጂ ቆፍሮ ማየት አይቻልም።

መሬትን የሚያንኳኳላቸው ርዕደ መሬት ነው። በአንድ ስፍራ ምድር ስትናወጥ ከዚያ የሚነሣው ሞገድ በመሬት ውስጥ ዘልቆ በሌላው የዓለም ጫፍ ይወጣል። በዚያ የተተከለው ሴይስሞግራፍ የተባለው መሣሪያ ሞገዱ የደረሰበትን ሰዓትና የንዝረቱን መልክ ይመዘግባል። ሞገዱ በመንገዱ ላይ የተለያየ ነገር ባጋጠመው ቁጥር ፍጥነቱ ይለወጣል፤ አቅጣጫውም በውሃ ውስጥ ገብቶ እንደሚታይ ዘንግ ይሰበራል። በመሆኑም የደረሰበትን ደቂቃና ሴኮንድ በጥንቃቄ ያሰላ ሰው፣ ሞገዱ ምን ዓይነት ነገር አቋርጦ እንደመጣ ሊረዳ ይችላል። በዚህ መንገድ የመሬትን የመጨረሻ እምብርት ያገኘችው ኢንጌ ሌማን የተባለች ዴንማርካዊት ናት።

ኢንጌ ሌማን በሜይ 13 ቀን 1888 በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን ተወለደች። በዚህ ታሪክ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። አባቷ አልፍሬድ ሌማን በአገሩ የሥነ ልቡናን ትምህርት በሙከራ ላይ እንዲመሠረት ያደረገ፣ በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲም ፕሮፌሰር የነበረ ሰው ነው። የተማረችበት ትምህርት ቤት በዚያ ዘመን ብዙ አምሳያ ያልነበረው ነበር። መሥራቿና ዋና አስተዳዳሪዋ ሐና አድለር የታዋቂው የፊዚክስ ሊቅ የኒልስ ቦር አክስት ስትሆን፣ ወንዶችና ሴቶች ልጆች በአንድ ክፍል ተቀምጠው አንድ ዓይነት ትምህርት እንዲማሩ ታደርግ ነበር። ወንዶቹ መርፌና ክር ይይዛሉ፤ ሴቶቹም ኳስ ይጫወታሉ። በዚያ ግቢ የወንድና የሴት አእምሮ ተብሎ የሚለይ ነገር አልነበረም። ኢንጌ ዓለም በሙሉ እንደዚያ ግቢ አለመሆኑን የተረዳችው ካደገች በኋላ ነው፤ ነገሩም ሳያስደንቃት አልቀረም።

ዕድሜዋ 15 ወይም 16 ዓመት ሲሆን፣ በአንድ እሑድ ማለዳ ከእናቷና ከእኅቷ ጋር በቤት ውስጥ ተቀምጣ ሳለ ወለሉ ከእግራቸው ሥር ተንቀሳቀሰ። ከጣሪያው ላይ የተንጠለጠለው መብራትም ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ። አባትየው ወደ ክፍሉ ገብቶ ይህ የመሬት መንቀጥቀጥ መሆኑን ነገራቸው። ዴንማርክ ርዕደ መሬት የሚበዛባት አገር ስላልሆነች እንግዳ ነገር ነበር። ልጅቷም ተደነቀች እንጂ ዕድሜዋን ሁሉ ከዚህ ነገር ጋር እንደምታሳልፍ በዚያን ጊዜ አልገመተችም።

በ1907 ኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሒሳብ መማር ጀመረች። ከሦስት ዓመት በኋላም ለከፍተኛ ትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር ሄዳ በካምብሪጅ፣ በሴቶች ኮሌጅ ተቀመጠች። ካምብሪጅ በዚያን ጊዜ ሴቶችን ያስተምር ነበር እንጂ ዲግሪ አይሰጣቸውም ነበር። ወጣት ሴት የትም ብትሄድ፣ ከማንም ጋር ብትነጋገር ጠባቂ ዓይን አያጣትም። በአድለር ትምህርት ቤት ያደገችው ኢንጌ ይህን ሁሉ እንደ ጠባብ ልብስ ቆጠረችው። ይሁን እንጂ የጎዳት እገዳው ብቻ አልነበረም። ከአቅሟ በላይ ስትሠራ በ1911 መጨረሻ ላይ ጉልበቷ ፈጽሞ ዛለ፤ ትምህርቷንም አቋርጣ ወደ አገሯ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲን ትታ ለሕይወት መድን የሚያስፈልገውን ሒሳብ በሚሠራ ጽሕፈት ቤት ተቀጠረች። የዚህ ጽሕፈት ቤት ሥራ በሺህ የሚቆጠሩ ቁጥሮችን ከመዝገብ እየለቀሙ መደመር፣ ማካፈል፣ ሠንጠረዥ ማዘጋጀት ነው። ኮምፒዩተር ገና አልተፈጠረም፤ የነበረው እርሳስ፣ ወረቀት፣ የሎጋሪዝም መጽሐፍና በእጅ የሚዘወር የሒሳብ መኪና ነው። በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ቆየች። የሕይወቷን ታሪክ የሚያነቡ ብዙ ሰዎች እነዚያን ዓመታት እንደ ባከነ ጊዜ ይቆጥሯቸዋል። ነገር ግን ስሕተት ካለበት የቁጥር ክምር ውስጥ እውነተኛውን መለየት፣ የማይታመነውን መዝገብ ከሚታመነው ማበጠር የለመደችው እዚያ ነው። ኋላ ስሟን ያስጠራት ሥራም ከዚህ የተለየ ጥበብ አልጠየቀም።

በ1918 ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመልሳ በ1920 ዲግሪዋን በሒሳብና በፊዚካል ሳይንስ አገኘች። ጥቂት ጊዜ በጀርመን አገር በሐምቡርግ ከተማረች በኋላ በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ የመድን ሒሳብ ፕሮፌሰር ረዳት ሆነች። ዕድሜዋ 37 ዓመት እስኪሆን ድረስ ስለ ርዕደ መሬት ጥናት የምታውቀው አልነበረም። በ1925 ግን ኒልስ ኤሪክ ኖርሉንድ የተባለው የሒሳብ ሊቅ፣ የመሬትን ቅርፅ ይለካ የነበረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ ረዳቱ አድርጎ ቀጠራት። ኖርሉንድ በዴንማርክና በግሪንላንድ የሴይስሞግራፍ ጣቢያዎችን ለማቋቋም አስቦ ነበር። እርሷም ሴይስሞግራፍ አይተው ከማያውቁ ሦስት ወጣቶች ጋር ሆና መሣሪያዎቹን በኮፐንሃገን መትከል ጀመረች። በግሪንላንድም በኢቪግቱትና በስኮርስቢሱንድ፣ በበረዶው ምድር ጫፍ፣ ለሚቋቋሙት ጣቢያዎች ዝግጅት ይደረግ ነበር። በሥራ ሰዓት መሣሪያ እየተከለች፣ ከሥራ በኋላ ስለ መሣሪያው የተጻፉትን መጻሕፍት ታነብ ነበር።

በ1927 ኖርሉንድ ለሦስት ወር ወደ ውጭ አገር ላካት። በጀርመን፣ በፈረንሳይና በሆላንድ የታወቁትን የምርምር ጣቢያዎች ጎበኘች። ከሁሉ ይልቅ የጠቀማት በዳርምሽታት ከተማ ከቤኖ ጉተንበርግ ጋር ያሳለፈችው ጊዜ ነው። ጉተንበርግ በዚህ ሙያ ከዓለም ታላላቅ ሊቃውንት አንዱ ሲሆን፣ ጊዜውን ሳይሰስት አስተማራት። በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ ዲግሪዋን አግኝታ አዲስ በተቋቋመው የዴንማርክ ጂኦዴቲክ ኢንስቲቲዩት የርዕደ መሬት ክፍል ኃላፊ ሆነች።

ኃላፊ ቢሏትም ከበታቿ የሚታዘዝ ብዙ ሰው አልነበራትም። ለብዙ ዓመታት በዴንማርክ በዚህ ሙያ የተሰማራ ሌላ ሰው አልነበረም ለማለት ይቻላል። መሣሪያዎቹን መጠበቅ፣ ከጣቢያዎቹ የሚመጡትን መዝገቦች ማንበብ፣ ውጤቱንም አሳትሞ ለሌሎች አገሮች መላክ የእርሷ ፋንታ ነበር። ምርምር ከተሰጣት የሥራ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ብትፈልግ በትርፍ ጊዜዋ ልትመራመር ትችላለች እንጂ አድርጊ ብሎ ያዘዛት አልነበረም።

ለመሆኑ በዚያን ጊዜ ስለ መሬት ውስጣዊ ክፍል የታወቀው ምን ያህል ነበር? በ1906 እንግሊዛዊው ሪቻርድ ኦልድሃም በመሬት መካከል ሞገድን የሚያዘገይ ትልቅ እምብርት መኖሩን ገለጸ። በ1910 ክሮአቱ አንድርያ ሞሆሮቪቺች የመሬት ቅርፊት የሚያበቃበትን ድንበር ከአንድ ርዕደ መሬት መዝገብ አወቀ። ጥቂት ቆይቶም ጉተንበርግ እምብርቱ የሚጀምረው በ2,900 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ መሆኑን አሰላ። በ1926 ደግሞ እንግሊዛዊው ሃሮልድ ጄፍሪስ ይህ እምብርት ፈሳሽ መሆኑን አስረዳ። በመሆኑም በ1920ዎቹ መጨረሻ የነበረው ሥዕል ቀላል ነበር፤ ከላይ ስስ ቅርፊት፣ ከሥሩ ወፍራም የጠጣር ድንጋይ ክፍል፣ በመካከል የቀለጠ ብረት ኳስ።

ከርዕደ መሬት የሚነሡት ዋና ዋና ሞገዶች ሁለት ዓይነት ናቸው። ፈጥኖ የሚደርሰው የመጀመሪያው ሞገድ ይባላል፤ ይህም እንደ ድምፅ ነገርን እየገፋና እየሳበ ስለሚሄድ በጠጣርም በፈሳሽም ውስጥ ያልፋል። ዘግይቶ የሚደርሰው ሁለተኛው ሞገድ ግን ወደ ጎን እያወዛወዘ ስለሚሄድ በጠጣር ውስጥ ብቻ ያልፋል፤ በፈሳሽ ውስጥ ይጠፋል። የመጀመሪያው ሞገድ ወደ ፈሳሹ እምብርት ሲገባ ፍጥነቱ በድንገት ይቀንሳል፤ መንገዱም ወደ ውስጥ ይሰበራል። በዚህ ምክንያት በመሬት ገጽ ላይ ሞገዱ የማይደርስበት ሰፊ ቀለበት ይፈጠራል። ርቀቱን በመሬት መካከል በሚሠራ ማዕዘን ብንለካው፣ ከርዕደ መሬቱ መነሻ ከ103 ዲግሪ ጀምሮ እስከ 143 ዲግሪ ገደማ ያለው ስፍራ ማለት ነው። ሊቃውንቱ ይህን ቀለበት የጥላ ክልል ይሉታል።

ችግሩ በጥላው ክልል ውስጥ ፍጹም ጸጥታ አለመኖሩ ነበር። በዚያ ያሉ ጣቢያዎች ታላቅ ርዕደ መሬት በተነሣ ቁጥር ትንንሽ ንዝረቶችን ይመዘግቡ ነበር። በጨለማ ክፍል ውስጥ ከማይታወቅ ቀዳዳ እንደሚገባ የብርሃን ጭላንጭል ያሉ ነበሩ። አብዛኞቹ ሊቃውንት እነዚህ ንዝረቶች ሞገዱ የእምብርቱን ጠርዝ ታክኮ ሲያልፍ በመጠኑ ስለሚታጠፍ የሚመጡ ናቸው ብለው ነገሩን ዘጉት። አባባሉ ሞኝነት አልነበረም፤ ሞገድ በጠርዝ ላይ እንደሚታጠፍ የታወቀ ነው። ኢንጌ ሌማን ግን መዝገቦቹን በገዛ እጇ ታነብ ስለ ነበር ንዝረቶቹ ለታጠፈ ሞገድ ከሚገባው በላይ ጥርት ያሉና ጠንካራ መሆናቸውን ታይ ነበር። ይህ ጥርጣሬ ለዓመታት አልለቀቃትም።

በጁን ወር 1929 በኒው ዚላንድ፣ በደቡባዊው ደሴት፣ መርቺሰን በተባለ ስፍራ አጠገብ ብርቱ ርዕደ መሬት ተነሣ። ተራራ ተናደ፤ 17 ሰዎችም ሞቱ። ኒው ዚላንድ ከአውሮፓ አንጻር በመሬት ሌላኛው ወገን የምትገኝ ስለሆነች፣ ከዚያ ተነሥተው ወደ አውሮፓ የሚመጡ ሞገዶች የመሬትን መካከል ማቋረጥ ግድ ይሆንባቸዋል። የአውሮፓ ጣቢያዎች ደግሞ ብዙዎችና ጥሩ መሣሪያ ያላቸው ነበሩ። ከዚህም ሌላ በሶቪየት ኅብረት የነበሩት የኢርኩትስክና የስቨርድሎቭስክ ጣቢያዎች በጥላው ክልል ውስጥ ወድቀው ነበር። በእነዚህ ጣቢያዎች ወረቀት ላይ ሊኖር የማይገባው ሞገድ ግልጽ ሆኖ ተመዘገበ።

ኢንጌ ሌማን ከልዩ ልዩ አገሮች የሴይስሞግራፍ ወረቀት ቅጂዎችን እየጻፈች አስመጣች። ሌሎች አንብበው ባሳተሙት ቁጥር ላይ አልተማመነችም፤ የንዝረቱን መልክ ራሷ ማየት ነበረባት። ለዚህ ምክንያት ነበራት። የአንዳንድ ጣቢያዎች ሰዓት ትክክል አልነበረም። የሴኮንዶች ስሕተት ደግሞ በመሬት መካከል የብዙ ኪሎ ሜትር ስሕተት ይሆናል። ስለዚህ የትኛው ጣቢያ ይታመናል፣ የትኛው ይጣላል የሚለውን አስቀድማ መወሰን ያስፈልጋት ነበር። እያንዳንዱን ርዕደ መሬት፣ ሞገዱ በየጣቢያው የደረሰበትንም ሰዓት በካርድ ላይ እየጻፈች፣ ካርዶቹን የአጃ ቅንጬ በሚታሸግባቸው ባዶ ካርቶኖች ውስጥ በየተራቸው ትደረድራቸው ነበር። አንድ የቅርብ ዘመዷ በልጅነቱ እሑድ ቀን ሊጠይቃት ሲሄድ፣ በአትክልት ቦታዋ በትልቅ ጠረጴዛ ላይ እነዚያን ካርቶኖች ደርድራ ስትሠራ ያገኛት እንደነበር ተናግሯል። ዛሬ ኮምፒዩተር በቅጽበት የሚያከናውነውን ካርዶቹና እርሷ ያከናውኑት ነበር።

ጥያቄውን የፈታችበት መንገድ ለሒሳብ ተማሪ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። እውነተኛዋ መሬት እጅግ ውስብስብ ስለሆነች አንዲት ቀላል መሬት በሐሳቧ ፈጠረች። በዚህች መሬት ውስጥ የመጀመሪያው ሞገድ በድንጋዩ ክፍል በሴኮንድ 10 ኪሎ ሜትር፣ በእምብርቱ ደግሞ በሴኮንድ 8 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ፍጥነቱ በየክፍሉ ስለማይለዋወጥ የሞገዱ መንገድ ቀጥ ያለ መሥመር ይሆናል፤ በድንበሮቹ ላይ ብቻ ይሰበራል። ስለዚህ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚታወቀው የሦስት ማዕዘን ስሌት ብቻውን ይበቃል። በዚህች መሬት ላይ ብታሰላ የጥላው ክልል ባዶ ሆነ። ቀጥሎም በእምብርቱ መካከል ሌላ ትንሽ እምብርት አስገባች፤ በዚያም ውስጥ የሞገዱን ፍጥነት እንደገና ወደ 10 ኪሎ ሜትር ከፍ አደረገችው። እንደገና አሰላች። አሁን ትንሹን እምብርት የሚነኩት ሞገዶች አቅጣጫቸውን ለውጠው ወደ ጥላው ክልል ወጡ። የሚደርሱበት ሰዓትም በኢርኩትስክና በስቨርድሎቭስክ ወረቀቶች ላይ ከተመዘገበው ጋር የሚስማማ ሆኖ ተገኘ። የትንሹ እምብርት ግማሽ ዲያሜትር በእርሷ ግምት 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ዛሬ በብዙ ሺህ መዝገቦች የተረጋገጠው ልክ 1,220 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በእርሳስና በወረቀት ለተሠራ ስሌት ይህ ጥቂት ልዩነት ነው።

ሐሳቡን ከማሳተሟ በፊት ከጄፍሪስ ጋር ደብዳቤ ተጻጻፈች። ጄፍሪስ በዘመኑ ከፍተኛ ሥልጣን ያለው ሊቅ ስለነበረ የእርሱ ይሁንታ ትልቅ ዋጋ ነበረው፤ እርሱ ግን ፈጥኖ አላመነም። እርሷም አልተቆጣችም፤ ሐሳቧንም አልተወችም። በ1936 ጽሑፏ ታተመ። ርእሱ አንዲት የላቲን ፊደልና ከራስጌዋ የተጨመረች አንዲት ጭረት ብቻ ነበረች፤ ይህም እምብርቱን አቋርጦ የሚመጣው ሞገድ ምልክት ነው። በሳይንስ ታሪክ ውስጥ ይህን ያህል አጭር ርእስ ያለው ታላቅ ጽሑፍ ማግኘት ያስቸግራል። በጽሑፉም ውስጥ ነገሩ ተረጋግጦ አልቋል አላለችም፤ በመዝገቦቹ ላይ የሚታየውን የሚያብራራ ሐሳብ አድርጋ አቀረበችው እንጂ።

ጉተንበርግ ከቻርለስ ሪክተር ጋር ሆኖ ስሌቱን በራሱ መንገድ ሠርቶ ከሁለት ዓመት በኋላ ተስማማ። በ1939 ደግሞ ጄፍሪስ ራሱ የሞገድ መታጠፍ ብቻውን በጥላው ክልል የሚታዩትን ንዝረቶች ሊያስገኝ እንደማይችል በሒሳብ አሳየ። የተጠራጠረው ሰው በራሱ ስሌት የሌላውን ሐሳብ ትክክለኛነት አወቀ ማለት ነው።

ወዲያው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ዴንማርክ ከ1940 እስከ 1945 በናዚ ጀርመን ተያዘች፤ ከሌሎች አገሮች ጋር መዝገብ መለዋወጥም አስቸጋሪ ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ የኢንጌ ሌማን ስም በውጭ አገር እየታወቀ ሄደ፤ በ1950 የአውሮፓ የርዕደ መሬት ጥናት ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነች። በአገሯ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። በ1952 በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ለጂኦፊዚክስ ፕሮፌሰርነት ታስባ ነበር፤ ሹመቱን ግን አላገኘችም። በውስጠኛው እምብርት ግኝት በመላው ዓለም የታወቀች ሊቅ በአገሯ ዩኒቨርሲቲ የፕሮፌሰርነት ወንበር ሳታገኝ ቀረች። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ65 ዓመት ዕድሜዋ፣ ከመንግሥት ሥራዋ በጡረታ ተገለለች።

ብዙ ሰው በዚህ ዕድሜ ያርፋል። ኢንጌ ሌማን ግን መዝገብ ከመጠበቅና ከቢሮ ወረቀት ነፃ ስትወጣ ጊዜዋን ሁሉ ለምርምር አዋለችው። በኒው ዮርክ አቅራቢያ ከሚገኘው የላሞንት የምርምር ጣቢያ መሪ ሞሪስ ዩዊንግ በጋበዛት መሠረት አሜሪካን ደጋግማ ጎበኘች፤ በካሊፎርኒያና በካናዳም ሠራች። በዚህ ጊዜ ትኩረቷ ከእምብርቱ ወደ ላይኛው ክፍል ዞረ። በ220 ኪሎ ሜትር ጥልቀት አካባቢ የሞገድ ፍጥነት በድንገት የሚጨምርበት ድንበር መኖሩን አመለከተች፤ ይህም ድንበር በስሟ ተሰይሟል። በዚያ ዘመን ኃያላን መንግሥታት የአቶሚክ ቦምብ ከመሬት በታች ይሞክሩ ነበር። ርዕደ መሬት የሚነሣበትን ትክክለኛ ቦታና ሰዓት ማንም አስቀድሞ አያውቅም፤ የቦምቡ ፍንዳታ ቦታና ሰዓት ግን በሴኮንድ ክፍልፋይ ይታወቃል። እርሷም በኔቫዳ በረሃ ከተደረጉት ፍንዳታዎች የተነሡትን ሞገዶች ለጥናቷ ተጠቀመችባቸው። ለጥፋት የተሠራው ነገር ለዕውቀት መሣሪያ ሆነ።

እነዚህን ፍንዳታዎች ለመቆጣጠር ሲባል በ1960ዎቹ አንድ ዓይነት መሣሪያ ያላቸው ከመቶ የሚበልጡ ጣቢያዎች በልዩ ልዩ አገሮች ተቋቋሙ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ግቢ በ1950ዎቹ መጨረሻ የተመሠረተው የጂኦፊዚክስ ምርምር ጣቢያም ከእነዚህ አንዱ ሆነ። ኢንጌ ሌማን በወጣትነቷ ያጣችው ነገር፣ ማለት ሰዓታቸው የሚታመን ጣቢያዎች መረብ፣ በእርጅናዋ ዘመን ተገኘ።

ትንሹ እምብርት ጠጣር ይሁን አይሁን ግን ገና አልተረጋገጠም ነበር። ፍራንሲስ በርች የተባለው አሜሪካዊ በ1940 በዚያ ያለው ነገር በላዩ ባለው ከፍተኛ ግፊት ምክንያት የረጋ ብረት መሆን እንዳለበት አስረድቶ ነበር፤ ሙቀቱ ብረት የሚያቀልጥ ቢሆንም ግፊቱ አያስቀልጠውም። ማረጋገጫው ከሌላ አቅጣጫ መጣ። በ1960 በቺሊ፣ በ1964 በአላስካ እጅግ ታላላቅ ርዕደ መሬቶች ሲነሡ፣ መሬት በሙሉዋ እንደተመታ ደወል ለብዙ ቀን ስትንዘር ቆየች። የንዝረቱ ቃና ደግሞ እንደ ደወሉ ውስጣዊ አሠራር ይለያያል። በ1971 አዳም ዚወንስኪና ፍሪማን ጊልበርት እነዚህን ቃናዎች በኮምፒዩተር መርምረው፣ ውስጠኛው እምብርት ጠጣር ካልሆነ በስተቀር ስሌቱ እንደማይገጥም አሳዩ። ኢንጌ ሌማን በዚያን ጊዜ 83 ዓመቷ ነበር።

ይህ ዕውቀት ለተራው ሰው የራቀ ይምሰል እንጂ ኮምፓስ ይዞ የሚጓዝ ሁሉ ይመለከተዋል። የኮምፓስን መርፌ ወደ ሰሜን የሚያዞረው የመሬት መግነጢስ ከፈሳሹ ብረት መዘዋወር የሚመነጭ ነው። ፈሳሹ እየረጋ በትንሹ እምብርት ላይ በተጨመረ ቁጥር የሚወጣው ሙቀት ያንን መዘዋወር ከሚያንቀሳቅሱት ኃይሎች አንዱ ነው። ምርምሩም አላበቃም። በ2023 በአውስትራሊያ የሚሠሩ ሊቃውንት ከታላላቅ ርዕደ መሬቶች ተነሥተው መሬትን በመካከሏ ደጋግመው የሚያቋርጡ ሞገዶችን በኮምፒዩተር ለይተው፣ በውስጠኛው እምብርት መካከል 650 ኪሎ ሜትር ያህል ግማሽ ዲያሜትር ያለው፣ ሞገድን በተለየ መንገድ የሚያሳልፍ ሌላ ክፍል እንዳለ አመልክተዋል።

ክብሩ ዘግይቶም ቢሆን መጣ። በ1964 ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣት። ፕሮፌሰርነቱን ሳይሰጣት የቀረው ኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲም በ1968 ይህንኑ አደረገ። በ1969 የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ የውጭ አባል ሆነች። በ1971 የአሜሪካ ጂኦፊዚካል ዩኒየን ከፍተኛ ሽልማት የሆነውን የዊልያም ቦዊ ሜዳሊያ ስትቀበል፣ ይህን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች።

ኢንጌ ሌማን አላገባችም። ተራራ መውጣትና የአትክልት ቦታዋን መንከባከብ ትወድ ነበር። የመጨረሻ ጽሑፏ የወጣው በ1987 ሲሆን፣ ዕድሜዋ 98 ዓመት ደርሶ ነበር። በዚያ ጽሑፍ የቀድሞ ዘመን የርዕደ መሬት ጥናት እንዴት ይካሄድ እንደነበረ ስታስታውስ፣ በልጅነቷ በእሑድ ማለዳ የተወዛወዘውን መብራትም አልረሳችውም። በፌብሩዋሪ 21 ቀን 1993፣ 105 ዓመት ሊሞላት ሦስት ወር ያህል ሲቀራት፣ በኮፐንሃገን አረፈች።